ኩላሊትዎ ላይ ካልሲየም ታየ ከተባሉ፦ ከውጤት ወረቀቱ እስከ ክትትሉ

አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ተነስተው የውጤት ወረቀቱ እጅዎ ላይ ነው። «ካልሲፊኬሽን»፣ «ኔፍሮካልሲኖሲስ»፣ «ካልኩለስ» ወይም «ኢኮጄኒክ ፎከስ» የሚል ነገር ተጽፎበታል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት «ትንሽ ካልሲየም አለ፣ ውሃ ይጠጡ» ብሎ ሸኝቶዎታል። ሰፈር ሲደርሱ አንዱ ወተት ይተው ይላል። ሌላው ቢራ ይመክራል። ሦስተኛው ቅጠል ቀቅሎ ያመጣል።

ይህን የጻፍኩት በወረቀቱና በጎረቤት ምክር መካከል ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። አንድ ነገር ብቻ ቢይዙልኝ ይህን ይያዙልኝ፦ በምስል የታየ ካልሲየም ምልክት ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ትርጉሙን የሚወስነው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ከማለትዎ በፊት «የት ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁ።

ከሁሉ በፊት፦ አስቸኳይ ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ይህን ጽሑፍ ይተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከባድ የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ስሜት ጋር ከመጣ። ሽንት ጨርሶ ከቆመ። ያለዎት ኩላሊት አንድ ብቻ ሆኖ ሕመሙ በዚያው በኩል ከሆነ። ነፍሰ ጡር ሆነው ጎንዎን አጥብቆ ካመመዎት። ማስታወክ በዝቶ ውሃም ሆነ መድኃኒት አልቀመጥ ካለ።

በጣም የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው። ጠጠር የሽንት ቱቦውን ዘግቶ ከበላዩ የታሰረው ሽንት ኢንፌክሽን ከያዘው፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም። የታሰረው ሽንት በቱቦ መፍሰስ አለበት፤ ያውም በፍጥነት። «ዛሬ መርፌ ልወጋና ነገ አያለሁ» የሚያስብል ነገር አይደለም።

1. ምስሉን ራሱን ይውሰዱ

ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቁ። ከዚህ በፊት ለሌላ ጉዳይ የተነሱት የሆድ አልትራሳውንድ፣ ራጅ ወይም ሲቲ ካለ ፈልገው ያውጡ። ከአምስት ዓመት በፊትም እዚያው ቦታ በዚያው መጠን የነበረ ነጥብና ዘንድሮ አዲስ የመጣ ነጥብ አንድ አይደሉም። ይህን የሚነግር ሌላ ምርመራ የለም። ከአገር አገር የሚዘዋወር ሰው ደግሞ ፋይሉን ስልኩ ላይም ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል።

2. ካልሲየሙ የት እንዳለ ይለዩ

ኩላሊት የውጭ ሥጋ አለው፤ ኮርቴክስ ይባላል። የውስጥ ሥጋ አለው፤ ሜዱላ ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ ሽንቱ የሚጠራቀምባቸው ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ካሊክስና ፔልቪስ ይባላሉ። ከነሱ ወደ ፊኛ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ዩሬተር ነው። ወረቀትዎ ላይ ከነዚህ ስሞች የትኛው እንዳለ ይፈልጉ። ከሌለ ያነሳዎትን ባለሙያ ወይም ያዘዘዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

*ሽንት በሚያልፍበት ክፍት ቦታ ከሆነ* ጠጠር ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ ማለትም ካልሲየም ከኦክሳሌት (ከምግብም ከሰውነትም ከሚመጣ ቆሻሻ) ጋር ተጣብቆ የሠራው ነው። አሜሪካዊው የሽንት ቧንቧ ሐኪም አሌክሳንደር ራንዳል በ1937 እንደገለጸው፣ ሜዱላው ጫፍ ላይ ትንንሽ የካልሲየም ቅርፊቶች ይፈጠራሉ። ብዙ ጠጠሮች እነሱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ስለዚህ «ጫፉ ላይ ትንሽ ካልሲየም» የሚል ንባብ አንዳንዴ የጠጠር መነሻ ነው።

*በሁለቱም ኩላሊት ሜዱላ ውስጥ ተበትኖ ከሆነ* ሜዱላሪ ኔፍሮካልሲኖሲስ ይባላል። ካልሲየሙ ሥጋው ውስጥ ስለሆነ በሽንት አይወጣም፣ ተሰባብሮም አይጸዳም። እዚህ ላይ ዋናው ሥራ ምክንያቱን ማግኘት ነው። በአዋቂ ላይ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ናቸው። አንደኛው የፓራታይሮይድ እጢዎች ከልክ በላይ መሥራት ነው። እነዚህ አንገት ላይ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉ አራት ትንንሽ እጢዎች ናቸው። ሁለተኛው ኩላሊት አሲድን በሚገባ ማስወጣት ሲያቅተው ነው፤ ዲስታል ሬናል ቱቡላር አሲዶሲስ ይሉታል። ሦስተኛው ከተወለዱ ጀምሮ የሚኖር የሜዱላ ቱቦዎች መስፋት ነው። ሳርኮይዶሲስ (በሳንባና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ትንንሽ እባጮች የሚያወጣ በሽታ)፣ የቫይታሚን ዲ መብዛትና በዘር የሚመጣ የኦክሳሌት መብዛትም ይህን ያመጣሉ።

*ኮርቴክስ ላይ ከሆነ* ብዙ አያጋጥምም። አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ከባድ ጉዳት ምልክት ነው። ለምሳሌ በወሊድ ጊዜ ከባድ የደም መፍሰስ ደርሶ የኩላሊቱ የውጭ ክፍል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

*በአንድ ኩላሊት ብቻ፣ ያልተስተካከለ፣ ከጠባሳና ከመጨማደድ ጋር ከሆነ* የቲቢ ጥያቄ መነሳት አለበት። በአገራችን ይህን መርሳት አይገባም። የኩላሊት ቲቢ ዓመታት ተደብቆ ይቆይና ኩላሊቱን በካልሲየም ሞልቶ ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ፍንጩ ሽንት ላይ ነው፦ ነጭ የደም ሕዋስ በዝቶ ይታያል፣ ተራው ካልቸር (ጀርም አብቅሎ የሚያሳየው ምርመራ) ግን ምንም አያበቅልም። እንዲህ ከሆነ የጠዋት ሽንት ለቲቢ እንዲመረመር ይጠይቁ።

*ሁለት ትይዩ መስመር መስሎ ከታየ* የደም ሥር ግድግዳ ነው። ዕድሜ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጡታል። ጠጠር ተብሎ በስህተት ሊነበብ ይችላል። መድኃኒቱ ስኳሩን፣ ግፊቱንና ሲጋራውን መቆጣጠር ነው።

*ውሃ በቋጠረ ከረጢት ግድግዳ ወይም በእባጭ ውስጥ ከሆነ* ነገሩ ወደ ሌላ መስመር ይሄዳል። ራዲዮሎጂስቶች ከረጢቶችን ቦስኒያክ በሚባል ደረጃ ይመድባሉ። 1 እና 2 ምንም አይደሉም። «2 ኤፍ» ክትትል ያስፈልገዋል። 3 እና 4 የካንሰር ጥርጣሬ አለባቸው። ጠጣር እባጭ ውስጥ ካልሲየም ከታየ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) ተወግተው ሲቲ መነሳት ሳያስፈልግዎ አይቀርም። ይህን ቀጠሮ አያስተላልፉ።

3. አልትራሳውንዱን በልኩ ይመኑት

አልትራሳውንድ ጥሩ መነሻ ነው። ጨረር የለውም፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ለነፍሰ ጡርና ለልጅ ተመራጭ ነው። ነገር ግን የትንንሽ ነጥቦች ነገር ያሳስበኛል። በኩላሊት መሐል ያለው ስብና የደም ሥር በተፈጥሮው ብሩህ ሆኖ ይታያል። እውነተኛ ጠጠር ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል። የ2 ወይም የ3 ሚሊ ሜትር ብሩህ ነጥብ ጥላ ከሌለው ጠጠር ላይሆን ይችላል። ስንቱ ሰው በእንዲህ ያለ ነጥብ «ኩላሊቴ አሸዋ አለው» ብሎ ዓመታት ሲጨነቅ ይኖራል!

ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ጥላ አለው? በዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በቀለም በሚያሳየው አልትራሳውንድ ሲታይ በቀለም ይብለጨለጫል? ኩላሊቱ ሽንት ቋጥሮ አብጧል፣ ማለትም ሃይድሮኔፍሮሲስ አለ? በመጨረሻው ላይ አንድ ምክር ልጨምር። ለምርመራው ብዙ ውሃ ጠጥተው ፊኛዎ ከተወጠረ ኩላሊቱ ትንሽ ያበጠ ሊመስል ይችላል። ሽንትዎን ሸንተው ዳግመኛ እንዲታይ ይጠይቁ።

እርግጡን ማወቅ ካስፈለገ መልሱ ያለ ኮንትራስት የሚነሳ ሲቲ ነው። ኮንትራስቱ ሽንት ውስጥ ሲገባ ራሱ ነጭ ስለሚሆን ትንሽ ጠጠር ይሸፍናል። ለጠጠር ብቻ ከሆነ በዝቅተኛ ጨረር እንዲነሳ ማሳሰብ ይቻላል። ሲቲ ላይ «ኤችዩ» የሚል ቁጥር (የጠጠሩን ጥግግት የሚለካ) ካለ ይመዝግቡት። ከ1000 በላይ ከሆነ ጠንካራ የካልሲየም ጠጠር መሆኑን ያመለክታል። ከ500 በታች ከሆነ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ በመድኃኒት የሚሟሟ ዓይነት ነው።

የሕመምን ነገርም እዚህ ላንሳ። ወገባችንን ሲያመን ሁሉ «ኩላሊቴን» እንላለን። ካሊክስ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚያምመው ወደ ዩሬተር ወርዶ ሲያግድ ነው። ያ ሕመም መላወሻ ያሳጣል፣ ከጎን ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ያስታውካል። ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚይዝ ሕመም የወገብ ጡንቻ ወይም የዲስክ ነገር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ለዚያ ብሎ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ መዋጥ ጤነኛውን ኩላሊት ይጎዳል።

4. ደምና ሽንት ይመርመሩ

ምስል ካልሲየሙን ያሳያል። ለምን እንደመጣ የሚነግረው ግን ላቦራቶሪ ነው። ካልሲየሙ ኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ ከሆነ ወይም ጠጠር ሲመላለስብዎት ከቆየ እነዚህን ሳያደርጉ አይቅሩ።

ከደም፦ ክሬቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ)፣ ካልሲየም፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን)፣ ፎስፌት፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ዩሪክ አሲድ። ከሽንት፦ ተራው ምርመራ ከፒኤች (የአሲድ መጠን መለኪያ) ጋር፤ ነጭ ሕዋስ ካለ ካልቸር።

የደም ካልሲየም አብዛኛውን ጊዜ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር ነው። አልቡሚንዎ ከ4 በታች ከሆነ፣ ለጎደለው ለእያንዳንዱ 1 ግራም 0.8 ይደምሩበት። ከፍ ካለ ቀጣዩ ምርመራ የፓራታይሮይድ እጢዎች የሚያመነጩት ፒቲኤች የተባለው ሆርሞን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ካልሲየም ከፍ ሲል ይህ ሆርሞን ዝቅ ማለት ነበረበት። «መደበኛ ነው» ተብሎ ቢመጣም እንኳ እጢው ትእዛዝ አልሰማም ማለት ነው። ስለዚህ ካልሲየም ከፍ ብሎ ፒቲኤች መሐል ላይ ከሆነ ውጤቱን አጣጥፈው አያስቀምጡ። የሆርሞን ሐኪም ጋ ይዘውት ይሂዱ። በቀዶ ጥገና የሚድን በሽታ ነው፤ ሳይታወቅ ሲቀር ኩላሊትንም አጥንትንም ይበላል።

ባይካርቦኔትና ፖታሲየም አብረው ዝቅ ብለው የሽንት ፒኤች ከ5.5 በላይ ሆኖ ከቀረ፣ ከላይ የጠቀስኩት የአሲድ ችግር ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ሲትሬት (አሲድን የሚያበርድና ጠጠር እንዳይሠራ የሚከላከል) ወይም ባይካርቦኔት ነው።

የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘልዎ አሰባሰቡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የተነሱበትን ሽንት ይድፉና ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሌሊቱንም፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ያለውን ጨምረው ያጠራቅሙ። አንድ ጊዜ ካመለጠዎት እንደገና ይጀምሩ። በዚያ ቀን ለምርመራው ብለው አመጋገብዎን አይቀይሩ። የዘወትር ኑሮዎን ነው የምንፈልገው።

5. የሚወስዱትን ሁሉ ይጻፉ

የሐኪም ማዘዣ ያለውንም የሌለውንም። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች የሚልኩትን ቫይታሚንም ጭምር። ቫይታሚን ዲ ያለ ክትትል በብዛት ሲወሰድ ካልሲየም ከፍ ያደርጋል። ቫይታሚን ሲ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ሲወሰድ ከፊሉ ሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። ለቃር የሚወሰዱ የካልሲየም ካርቦኔት ክኒኖች ሲበዙ ካልሲየም ይከማቻል። ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ የሽንት ካልሲየም ይጨምራል። ቶፒራሜት (ለሚጥል በሽታና ለራስ ምታት የሚሰጥ) እና አሴታዞላማይድ (ለዓይን ግፊት የሚሰጥ) የጠጠር አደጋ አላቸው። ሴፍትሪያክሶን የተባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር መሰል ነገር ሊሠራ ይችላል፤ በተለይ ልጆች ላይ። አታዛናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ራሱ ጠጠር ይሆናል፤ ሲቲ ላይም በደንብ ላይታይ ይችላል። ዝርዝሩን ለሐኪሙ ያሳዩ። በራስዎ ምንም አያቋርጡ።

6. ውሃውን በሽንት ይለኩት

«ብዙ ውሃ ይጠጡ» ልኬት የሌለው ምክር ነው። ልኩ ስንት እንደጠጡ ሳይሆን ስንት እንደሸኑ ነው። ግቡ በቀን ቢያንስ 2.5 ሊትር ሽንት ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይያዙና አንድ ቀን ሙሉ ሽንትዎን ይለኩ። ሃይላንዱ ሞልቶ ግማሽ ሊትር ከተረፈ ጥሩ ላይ ነዎት። ካልሞላ የጎደለውን ያህል ውሃ ይጨምሩ። አንዴ ከለኩ በኋላ በቀለሙ መከታተል ይችላሉ፤ ነጣ ያለ መሆን አለበት።

ይህ ባዶ ምክር አይደለም። ጣሊያን ፓርማ ውስጥ ቦርጊ የተባለው ሐኪም የመራው የተመራማሪዎች ቡድን በ1996 ባሳተመው ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታትሏል። ውሃ እንዲያበዙ ከተደረጉት ውስጥ ጠጠሩ የተመለሰባቸው 12 በመቶ ናቸው። ከሌሎቹ ውስጥ 27 በመቶ።

የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ካለብዎት ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ጾም ላይ ያለን ነገር እናስብበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው፣ ወይም በረመዳን የሚጾም ሰው፣ ሽንቱ ለሰዓታት ይወፍራል። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ ከመተኛትዎ በፊትም መጠጣት ይረዳል። ጠጠሩ የሚመላለስ ከሆነ የንስሐ አባትዎን ወይም ሼሁን ያማክሩ። ሕመምተኛ መሆንዎን ከሐኪም ወረቀት ጋር ይንገሯቸው። በገልፍ አገሮች ሙቀት ውስጥ የሚሠሩ ደግሞ በላብ የሚወጣውን ያስቡ፤ 2 ሊትር ጠጥተው ግማሽ ሊትር ብቻ ሊሸኑ ይችላሉ። በሥራ ቤት ውሃ መጠጣትና ሽንት ቤት መሄድ የሚከለከል ሰው ካለ ደግሞ ያ የጤና ጉዳይ ነው፤ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይናገሩ።

ቡና? አይከለከልም። የገብስ ውሃም ፈሳሽ ስለሆነ ይቆጠራል። ግን የካልሲየም ጠጠር አያሟሟም። ቢራ ሽንት ያበዛል እንጂ ጠጠር አያወርድም፤ ማግስቱን ሰውነትን ያደርቃል። ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ደግሞ ባይነኩት ይሻላል፤ አንዳንዱ ኩላሊቱን ራሱን ይጎዳል።

7. ካልሲየም ያለበትን ምግብ አይተዉ

በጣም የሚያሳዝነኝ ምክር «ወተት ይተዉ» የሚለው ነው። ምግብ ውስጥ ያለ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ከኦክሳሌት ጋር ተያይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ካልሲየሙን ሲያስቀሩ ኦክሳሌቱ ብቻውን ወደ ደም ያልፍና ኩላሊት ውስጥ ይገባል። ያው የፓርማ ቡድን በ2002 ይህን አሳይቷል። በሽንታቸው ካልሲየም የሚበዛባቸውን 120 ወንዶች ለሁለት ከፈለ። ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱ ላይ ጠጠር ተመለሰ። ካልሲየም በልኩ እየበሉ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60 ሰዎች ግን 12ቱ ላይ ብቻ። ስለዚህ በምግብ በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊ ግራም ይብሉ። የደም ካልሲየማቸው ከፍ ያለ ሰዎች ግን ለየት ያሉ ናቸው፤ የራሳቸውን ሐኪም ይከተሉ። ክኒን ደግሞ ከምግብ ጋር አንድ አይደለም፤ ያለ ምክር አይጀምሩት።

የጾም በየዓይነቱ እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ቆስጣና ቀይ ሥር ኦክሳሌት ከሚበዛባቸው ምግቦች ግንባር ቀደም ናቸው። ጾም ስለሆነ ደግሞ ወተትና አይብ የለም። ለጠጠረኛ ሰው ይህ መጥፎ ግጥምጥሞሽ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቆስጣውን በጎመን ይተኩ፤ የጎመን ኦክሳሌት በጣም ያነሰ ነው፣ ካልሲየምም አለው። ቆስጣ ካማረዎ ቀቅለው ውሃውን ይድፉ። ጤፍ በ100 ግራም 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ስላለው እንጀራው ራሱ ያግዛል። ኦቾሎኒን ደግሞ በየቀኑ በእፍኝ መቃምን ይቀንሱ።

ጨው ሲበዛ ካልሲየም ተከትሎት በሽንት ይወጣል። በቀን በጠቅላላ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የተጨመረውንም ይቁጠሩ። ከጾም ፍቺ በኋላ ጠዋት ማታ ሥጋ መብላትም ሽንትን አሲድ ያደርጋል፤ ሲትሬትን ይቀንሳል። ሎሚ ሲትሬት አለው። ያለ ስኳር ውሃው ላይ ይጭመቁበት።

8. ጠጠር ከሆነ አሁን መጠኑን ይጠይቁ

ወደ ዩሬተር ከወረዱት ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት አብዛኞቹ በራሳቸው ይወጣሉ። ከ5 እስከ 10 ያሉት ግማሽ ያህሉ። ኩላሊት ውስጥ ከ20 በላይ የሆነ ጠጠር በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ በታች ያለው ከውጭ በሞገድ ይሰባበራል፣ ወይም በሽንት ቧንቧ በገባ ቀጭን ካሜራ በሌዘር ይደቃል። ጠጠር እየወረደ ከሆነ በሻይ ማጥለያ ላይ ይሽኑ። የተያዘችውን ቅንጣት አይጣሉ፤ በንጹሕ ዕቃ አድርገው ለምርመራ ይውሰዱ። ምንነቷ ከታወቀ ቀጣዩ መከላከያ በግምት አይሆንም።

9. ክትትል

ምንም የማያደርግ ትንሽ ጠጠር በዓመት አንድ አልትራሳውንድ ይበቃዋል። በየወሩ መነሳት ጭንቀትና ወጪ ብቻ ነው። ቢቻል በዚያው ቦታ በዚያው ዓይነት ምርመራ ይደገም፤ የአልትራሳውንድን 6 ሚሊ ሜትር ከሲቲ 4 ሚሊ ሜትር ጋር ማወዳደር «ቀነሰልኝ» ያሰኛል፣ አልትራሳውንድ ግን ብዙ ጊዜ አሳድጎ ነው የሚለካው።

ሥጋው ውስጥ የተቀመጠ ካልሲየም ምክንያቱ ቢታከምም ምስል ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቀራል። በዚህ ተስፋ አይቁረጡ። መሻሻልዎን የሚነግርዎ ክሬቲኒኑ አለመጨመሩ፣ የደሙ ካልሲየምና ባይካርቦኔት መስተካከሉ ነው።

ልጅ ላይ ከታየ ግን አይጠብቁ። በልጅነት የሚመጣ ኔፍሮካልሲኖሲስ ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ምክንያት አለው፤ በተለይ ዕድገቱ የዘገየ ወይም ሽንቱ የሚበዛ ልጅ ላይ። የልጆች ኩላሊት ሐኪም ይየው። ወንድምና እህቶቹም ባይታመሙም አልትራሳውንድና የሽንት ምርመራ ይደረግላቸው።